ሁሉንም «የሰይጣን ሙዚቃ» ማለት መናፍስትን መለየት አይደለም



በወጣቶች ኮንፈረንስ ላይ ደጋግሞ የሚሰማ አንድ ስብከት አለ። ሰባኪው ጸጉራቸውን ያሳደጉ፣ ጥቁር የለበሱ ጊታር ተጫዋቾችን በስክሪን ያሳያል፤ ሃያ ሰከንድ የሚያህል ጩኸት ያሰማል፤ ከዚያም «ይህ የሰይጣን ሙዚቃ ነው» ይላል። ጉባኤው «አሜን» ይላል፣ ይጸለያል፣ ርዕሱ ይዘጋል። ፎቶው የማን እንደሆነ፣ ግጥሙ ምን እንደሚል፣ ሰዎቹ ከየት እንደመጡ የሚጠይቅ የለም።

ይህን ስብከት እቃወማለሁ። ሄቪ ሜታል ወዳጅ ሆኜ አይደለም፤ የእኔ ጆሮ ያደገው በክራርና በኅብረት መዝሙር ነው። የምቃወመው ሐሰት ስላለበት ነው። ዘጸአት 20፥16 በባልንጀራችን ላይ በሐሰት እንዳንመሰክር ሲያዘን፣ ጥቁር ቲሸርት ለለበሰ ባልንጀራ የተለየ ሕግ አላወጣም። ዘዳግም 13፥14 ደግሞ ይበልጥ ያስደንቃል። አንድ ከተማ ጣዖት አመለከ ተብሎ ሲወራ እንኳ እስራኤል አስቀድማ እንድትመረምር፣ እንድትፈልግ፣ በሚገባ እንድትጠይቅ ታዝዛለች። ጣዖት ተመለከ በተባለበት ጉዳይ ምርመራ ካስፈለገ፣ ለአንድ የሙዚቃ አልበም ስንት እጥፍ ያስፈልግ ይሆን?

እኛም በጅምላ ስም ተጠርተናል

በጅምላ መጠራት ምን እንደሚመስል ከማንም በላይ የምናውቀው እኛ የኢትዮጵያ ወንጌላውያን ነን። «ጴንጤ» የሚለው ስም ከጴንጤቆስጤ እንቅስቃሴ ጋር ተያይዞ የወጣ ቅጽል ነበር። ቆይቶ ግን ሙሉ ወንጌልንም፣ መካነ ኢየሱስንም፣ ቃለ ሕይወትንም፣ መሠረተ ክርስቶስንም አንድ ላይ ጠቀለለ። መካነ ኢየሱስ ሉተራዊት ናት፣ ሕፃናትን ታጠምቃለች፤ መሠረተ ክርስቶስ ከሜኖናውያን ወገን ናት፣ አምኖ የመጣውን ታጠምቃለች። ለሚሳደብ ሰው ይህ ልዩነት ምኑም አልነበረም። በደርግ ዘመን ደግሞ ያ ስም ወደ እስር ቤት የሚያስገባ ክስ ሆነ፤ ምን እንደምናምን ሳይጠየቅ «የኢምፔሪያሊዝም መልእክተኞች» ተባልን።

ይህ የደረሰበት ሕዝብ ሌላውን ሳይጠይቅ በጅምላ ሲፈርድ ማየት ያሳፍራል።

«ታዲያ ሁሉም አንድ ዓይነት ጩኸት አይደለም ወይ?» የሚለኝ ይኖራል። ላልለመደ ጆሮ አዎ። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን ለአንድ ፈረንጅ አከታትላችሁ አሰሙት፤ አራቱም አንድ ይሆኑበታል። እኛ ግን በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ድምፆች የቱ የለቅሶ፣ የቱ የሰርግ እንደሆነ እንለያለን። አለመለየት የጆሮ አለመልመድ ነው፤ እንደ መንፈሳዊ ስጦታ መቅረብ የለበትም።

ሦስቱ ወንድማማቾች

እንግዲህ እንለይ። በጨለማው የሜታል ሰፈር አጠገብ ለአጠገብ የሚኖሩ ሦስት ዋና ዋና ዓይነቶች አሉ፤ ዱም፣ ዴዝ እና ብላክ ሜታል ይባላሉ። ሦስቱም ጥቁር ይለብሳሉ፤ ሦስቱም በኤሌክትሪክ ጊታርና በድራም ይጫወታሉ። የሚሰብኩት ግን አንድ አይደለም።

የሁሉም አያት ብላክ ሳባዝ የተባለው የእንግሊዝ ባንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 የመጀመሪያ አልበሙን ያወጣው ይህ ባንድ የበርሚንግሃም የፋብሪካ ሰፈር ልጆች ስብስብ ነበር። ጊታሪስቱ ቶኒ አዮሚ በወጣትነቱ ብረታ ብረት በሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ የሁለት ጣቶቹን ጫፍ በማሽን አጥቷል። በቆሰለ ጣት ለመጫወት እንዲቀለው በኋላ የጊታሩን ክሮች አላልቶ ዝቅ ባለ ድምፅ ይቃኝ ጀመር። ብዙዎች «ከሲኦል የመጣ» የሚሉት ያ ወፍራም ድምፅ አንዱ ምንጩ የአንድ ወዛደር የሥራ ላይ አደጋ ነው። አብዛኛውን ግጥም ይጽፍ የነበረው ጊዘር በትለር ደግሞ በካቶሊክ ቤተሰብ ያደገ ሰው ነው። በባንዱ ስም የተሰየመው ዘፈን የሚተርከው ጥቁር ጥላ ቆሞ አይቶ ስለ ደነገጠ ሰው ነው፤ ሰውየው የሚጮኸው ከፍርሃት ነው። በ1971 ባወጡት አልበም ውስጥም በእግዚአብሔር የሚያፌዙትን የሚሞግት ዘፈን አለ። እነዚህ ሰዎች ቅዱሳን አልነበሩም፤ በአደንዛዥ ዕፅና በመጠጥ ብዙ ተጎድተዋል። «የሰይጣን ካህናት» የሚለው ግን በእነርሱ ላይ የሐሰት ምስክርነት ነው።

*ዱም ሜታል* ከሦስቱ ለአያቱ የቀረበው ነው። ቃሉ የማይቀር ጥፋት፣ የተቆረጠ ዕጣ እንደማለት ነው። ምልክቱ ዝግታ ነው፤ ጊታሩ አስከሬን እንደሚሸኝ ሕዝብ እየከበደው ይራመዳል። ዘፋኙ አብዛኛውን ጊዜ በጠራ ድምፅ ይዘምራል። የሚናገረው ስለ ሐዘን፣ ስለ ጸጸት፣ ስለ ሞት ነው። ከዚህ ዓይነት ቀዳሚዎች አንዱ የሆነው የቺካጎው ትራብል በ1980ዎቹ ግጥሙን ከመጽሐፍ ቅዱስ እየቀዳ ስለ ንስሐና ስለ ፍርድ ይዘምር ነበር። አሳታሚዎቹም «ዋይት ሜታል»፣ ማለትም ነጭ ሜታል ብለው አስተዋወቁት። በስክሪኑ ላይ የሚታየው ፎቶ የእነርሱ ቢሆን ኖሮ ሰባኪያችን ምን ይል ነበር?

*ዴዝ ሜታል* ሁለተኛው ነው። ዴዝ ማለት ሞት ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ ተወልዶ በፍሎሪዳዋ ታምፓ አካባቢ አደገ። ምልክቱ ከሆድ የሚወጣ፣ እንደ አውሬ የሚያጉረመርም ድምፅ፣ እጅግ የፈጠነ ድራም፣ ወፍራምና ቆረጥ ቆረጥ የሚል ጊታር ነው። የሚናገረው ስለ ሬሳ፣ ስለ በሽታ፣ ስለ ግድያ ነው። እንደ አስፈሪ ፊልም ማለት ነው፤ እንደ ፊልሙም ብዙው አስጸያፊ ነው፣ ለነፍስ የሚጠቅም ምግብ አይደለም። ከመካከላቸው ግልጽ የእግዚአብሔር ተሳዳቢዎች አሉ። ዲሳይድ የተባለው የፍሎሪዳ ባንድ ስሙ ራሱ «አምላክን መግደል» ማለት ነው፤ መሪው ግሌን ቤንተን የተገለበጠ መስቀል በግንባሩ ላይ በእሳት ተኩሷል። ይህን «ጥበብ ነው» ብዬ አላልፈውም፤ ስድብ ነው። ነገር ግን የዚሁ ዓይነት አባት ከሚባሉት አንዱ፣ ዴዝ የተባለውን ባንድ የመሠረተው ቸክ ሹልዲነር፣ ከ1987ቱ የደም ትረካ አልበሙ በኋላ ባሉት ሥራዎቹ ስለ ሰው ልጅ ክህደት፣ ስለ ፍርደ ገምድልነት፣ ስለ ሕይወት ትርጉም ወደ መጠየቅ ዞረ። በ2001 በአንጎል ዕጢ ሲሞት ገና 34 ዓመቱ ነበር። የሚጠይቅ ሰውና የሚሳደብ ሰው በአንድ ሳጥን አይታሸጉም።

*ብላክ ሜታል* ሦስተኛው ነው፤ እዚህ ላይ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ። ስሙ የመጣው ቬነም የተባለ የእንግሊዝ ባንድ በ1982 ካወጣው አልበም ነው። ለቬነም ነገሩ በአብዛኛው ትርዒትና ማስደንገጫ ነበር፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኖርዌይ ውስጥ ግን ትርዒቱን እንደ እምነት የወሰዱ ወጣቶች ተነሡ። ምልክቱ ቀጭን የስቃይ ጩኸት፣ እንደ ንብ መንጋ የሚርመሰመስ ጊታር፣ ሆን ተብሎ የተበላሸና የቀዘቀዘ ቀረጻ፣ እንደ ሬሳ በነጭና በጥቁር የተቀባ ፊት ነው። እነዚህ ሰዎች የክርስትና ጠላት መሆናቸውን በራሳቸው አፍ ተናገሩ፤ በእጃቸውም አደረጉት። ሰኔ 6 ቀን 1992 እ.ኤ.አ. በበርገን አጠገብ ያለችው፣ በ12ኛው መቶ ዘመን በእንጨት የተሠራችው የፋንቶፍት ቤተ ክርስቲያን ተቃጠለች። ከዚያ በኋላ ሌሎች ብዙዎች ተከተሉ፤ ከቃጠሎዎቹ በአንዱ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ሞተ። የፋንቶፍት ፍርስራሽ ፎቶ በሚቀጥለው ዓመት የቡርዙም ሙዚቃ ሽፋን ሆኖ ወጣ፤ ርዕሱም «አመድ» የሚል ነበር። የቡርዙም ባለቤት ቫርግ ቪከርኔስ በነሐሴ 1993 ሜይሄም የተባለውን ባንድ መሪ በስለት ወግቶ ገደለ። በ1994 ለግድያውና ለአብያተ ክርስቲያናት ቃጠሎ 21 ዓመት ተፈረደበት።

እዚህ ላይ «ሙዚቃ ብቻ ነው» የሚል ወጣት ካለ አመድ የሆነውን እንጨት ይመልከት።

ሆኖም እዚህም መለየት ይቀራል። ይኸው ቪከርኔስ ራሱን የሰይጣን አምላኪ ብሎ መጥራትን ትቶ በጥንቱ የኖርዌይ ጣዖታትና በዘር ትምክህት ላይ ነው የቆመው። ስለዚህ «ሰይጣንን ካላነሳ ችግር የለውም» ብለን ብንፈትሽ ትልቁ መርዝ ያመልጠናል። ሰይጣንን አንድም ጊዜ ሳይጠራ ሰውን በቀለሙ እንዲጠላ የሚያስተምር ዘፈን አለ፤ በእግዚአብሔር መልክ የተፈጠረውን መናቅ ያው የአባቱን ሥራ መሥራት ነው። የጅምላ ፍርድ ንጹሑን ይኮንናል፤ በዚያው ትንፋሽ ተኩላውን በበግ ለምድ ያሳልፋል። ጉዳቱ በሁለቱም በኩል ነው።

ድምፁን ለሰይጣን ማን ሰጠው?

«እነዚያ ድምፆች ራሳቸው አጋንንታዊ ናቸው» የሚሉ አሉ። ትራይቶን የተባለውን፣ ሦስት ሙሉ ድምፆችን የሚያካልል የድምፅ ርቀት እንደ ማስረጃ ያቀርባሉ። በእርግጥ ብላክ ሳባዝ በመጀመሪያ ዘፈኑ ተጠቅሞበታል፤ ጥንትም በላቲን «በሙዚቃ ውስጥ ያለ ዲያብሎስ» የሚል ቅጽል ወጥቶለታል። የመካከለኛው ዘመን ቤተ ክርስቲያን አውግዛ ከልክላዋለች የሚለው ወሬ ግን ማስረጃ የሌለው ተረት ነው። ደግሞስ ይኸው ርቀት የት ይገኛል? በራሳችን አንቺ ሆዬ ቅኝት ውስጥ! ዲያብሎስ በድምፁ ርቀት ውስጥ የሚያድር ከሆነ በየሰርጋችን ሲታደም ኖሯል ማለት ነው።

አንድ አስገራሚ ነገር ልጨምር። በ1994 ጄሰን ሸርሎክ የተባለ አውስትራሊያዊ ክርስቲያን፣ ሆርድ በሚል ስም በብላክ ሜታል ድምፅ ክርስቶስን የሚያከብር አልበም ብቻውን ሠርቶ አወጣ። እርሱ ቀደም ሲል ድራም ይመታበት የነበረው የሜልበርኑ ሞርቲፊኬሽን ደግሞ በዴዝ ሜታል ድምፅ ወንጌልን የሚናገር ባንድ ነበር። በኖርዌይም፣ አብያተ ክርስቲያናት በሚቃጠሉበት በዚያው ዘመን፣ አንተስቶር የተባለ የክርስቲያኖች ባንድ በዚያው ድምፅ ይጫወት ነበር። የብላክ ሜታል ጠበቆች ተቆጡ፤ «ይህ ድምፅ የሰይጣን ነው፣ ክርስቲያን ሊነካው አይችልም» አሉ።

ልብ በሉ! የእኛም ሰባኪ የሚለው ይህንኑ ነው። ቤተ ክርስቲያን አቃጣዮቹን የሚያደንቅና የቤተ ክርስቲያን ሰባኪ በአንድ የእምነት አንቀጽ ላይ ተስማሙ፤ ያ አንቀጽ ደግሞ ስሕተት ነው። መዝሙር 24፥1 ምድርና ሞላዋ የእግዚአብሔር እንደሆነ ይመሰክራል። ሰይጣን አንድም ድምፅ አልፈጠረም። ያለው የተሰረቀ ነው፤ የተሰረቀን ዕቃ ለሌባው የባለቤትነት ወረቀት የምንጽፍለት እኛ ለምን እንሆናለን?

ይህን ስል ሆርድን በእሑድ አምልኮ እናጫውት ማለቴ አይደለም። ሁሉ ተፈቅዷል፣ ሁሉ ግን አያንጽም (1 ቆሮንቶስ 10፥23)። ቃሉ የማይሰማ ጩኸት ጉባኤን ያንጻል ብዬም አላምንም። ነገር ግን የማያንጽ ማለት አንድ ነገር ነው፣ አጋንንታዊ ማለት ሌላ ነው።

አንዲት እናት ያስተማረችን

ለምን ይህን ያህል ትጨነቃለህ ትሉኝ ይሆናል። ነፍስ ስላለበት ነው። ከዓመታት በፊት በሰሜን አውሮፓ የምትኖር አንዲት እህት ደወለችልኝ። «ፓስተር፣ ልጄ ላይ ሰይጣን ገብቶበታል፤ እባክዎ ይጸልዩለት» አለች። ምልክቱን ስጠይቃት ጥቁር ይለብሳል፣ ክፍሉን ዘግቶ ጩኸት ይሰማል አለችኝ። በኅብረታቸው ሦስት ጊዜ ጋኔን እንዲወጣለት ተጸልዮለት፣ ከሦስተኛው በኋላ ልጁ መምጣቱን አቁሟል።

«እህቴ፣ ዘፈኑ ምን ይላል?»

«እኔ እንጃ ፓስተር፣ ጩኸት ነው።»

«እሱን ጠይቂውና መልሰሽ ደውዪልኝ» አልኳት።

ከሳምንት በኋላ ደወለች። ስታወራ ድምፅዋ ይቆራረጥ ነበር። ልጁ የሚሰማው ዱምና ዴዝ የተቀላቀሉበትን ዓይነት ነበር። ይህ ዓይነት በ1990ዎቹ መጀመሪያ በሰሜን እንግሊዝ እንደ ፓራዳይዝ ሎስትና ማይ ዳይንግ ብራይድ ባሉ ባንዶች የታወቀ ነው፤ ድምፁ የዴዝን ያህል ያጉረመርማል፣ እርምጃው ግን የዱም ነው፣ ነገሩም የሞተን ማልቀስ ነው። የልጁ አባት ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። ቤት ውስጥ ስሙ አይነሣም፤ በኅብረቱም «አይዞህ፣ በርታ፣ ወንድ ልጅ አይደለህ?» ከማለት በቀር አብሮት ያለቀሰ አልነበረም። አብሮት የሚያለቅስ ያገኘው በጆሮ ማዳመጫው ውስጥ ብቻ ነው። እኛ ደግሞ ሐዘኑን ጋኔን ብለን ገሠጽነው!

መጽሐፍ ቅዱሳችን እኮ እንዲህ ያለውን ልቅሶ ያውቀዋል። መዝሙር 88ን (በ1954 ትርጉም 87ን) አንብቡት። ኤማን በመቃብርና በጥልቁ ውስጥ ሆኖ ይጮኻል፤ ሌሎቹ የልቅሶ መዝሙሮች አብዛኛውን ጊዜ ሲዘጉ ወደ ተስፋ ይመለሳሉ፣ ይህ ግን ጨለማ ላይ ያበቃል። እግዚአብሔር ይህን ጸሎት ከመጽሐፉ አላወጣውም። ለዚያች እናት የነገርኳት ከልጇ ጋር ይህን መዝሙር እንድታነብና ስለ አባትየው እንድታወራው ነው። እሷም እንደዚያ አደረገች፤ ሁለቱ አብረው አለቀሱ። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ዱም ሜታል ከሐዘንተኛው ጋር በጨለማ ይቀመጣል፣ ከዚያ የሚያወጣው ግን የለውም። ኤማን የሚጮኸው ወደሚሰማ አምላክ ነው። ለወጣቶቻችን ልንነግራቸው የሚገባ ወንጌል ይህ ሆኖ ሳለ «የሰይጣን ሙዚቃ» ብለን በሩን ዘጋነው።

ለወጣቶቹም አለኝ

እናንተ የምትሰሙት ደግሞ አትደሰቱ፤ አልጨረስኩም። «ድምፁን ነው የምወደው፣ ግጥሙን አልሰማም» የሚለው መልስ አያዋጣም። የሰማችሁትን አልበም ግጥም አንብቡ። ቃሉን ስታነቡ ካፈራችሁበት፣ ያፈራችሁት በትክክል ነው። አምላካችሁን ለመስደብ ለተሠራ ሥራ ገንዘባችሁንና ሌሊታችሁን ስትሰጡ «ገለልተኛ ነኝ» ማለት አይቻልም። ፊልጵስዩስ 4፥8 እውነት የሆነውን፣ ጭምትነት ያለበትን፣ ንጹሕ የሆነውን እንድናስብ ሲያዘን አእምሮአችን ቆሻሻ ማጠራቀሚያ እንዳልሆነ ያስታውሰናል። ሬሳ መቆራረጥን በየቀኑ ሰምቶ ልቡ እንደማይደነድን የሚያስብ ራሱን ያታልላል።

ስለዚህ ወላጅም፣ መጋቢም፣ ወጣትም ከመፍረዱ በፊት እነዚህን ይጠይቅ፦

1. ግጥሙ ምን ይላል? የሚያለቅስ ነው፣ የሚጠይቅ ነው፣ የሚያስደነግጥ ነው ወይስ የሚሳደብ?
2. ሠሪዎቹ ስለ ራሳቸው ምን ይላሉ? ጠላት ነን የሚሉትን እመኗቸው፤ ያላሉትን አታስብሏቸው።
3. ሰውን ምን ያደርገዋል? የእግዚአብሔርን መልክ በሌላው ሰው ላይ እንዲያይ ወይስ እንዲንቅ?
4. በአንተ ላይ ምን እየፈጠረ ነው? ከሰሙት በኋላ ጸሎት ይቀርባል ወይስ ይርቃል?

ዕብራውያን 5፥14 የበሰሉትን ሰዎች ሲገልጽ መልካሙንና ክፉውን ለመለየት ስሜታቸውን በሥራ ያለማመዱ ይላቸዋል። መለማመድ ጊዜ ይወስዳል፣ ማዳመጥ ይጠይቃል፣ ከሃያ ሰከንድም በላይ ነው። ምሳሌ 18፥13ም ሳይሰማ የሚመልስ ሰው ስንፍናና እፍረት እንደሚሆንበት ያስጠነቅቃል።

መጋቢዎች፣ ወንድሞቼ፣ በሚቀጥለው ኮንፈረንስ ያንን ስክሪን ከማብራታችሁ በፊት የፎቶውን ባለቤት ስም እወቁ። ስሙን ካላወቃችሁ ስክሪኑን አጥፉትና ከፊት ወንበር ያለውን ልጅ «ምን ትሰማለህ? ለምን?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱን እስኪጨርስም ታገሡት።

የእውነት መንፈስ የሆነው ጌታ መንፈስ ቅዱስ የሚለይ ጆሮ፣ የሚራራ ልብ፣ የማይዋሽ አንደበት ይስጠን። አሜን።

ተባረኩ።